መርከብ ጠጋኙ

ልጁ የቤቱን አሮጌ ፒክአፕ የፊት ሾክና ሞላ የቀየረው ለእናቱ ብሎ ነው። እናት ለወገቧ ሕክምና ከተማ ትመላለሳለች። መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ የድሮው ሞላ ደግሞ ተሰብሮ ሰውን እንደ ጆንያ ያነጥር ነበር።

ልጁ የቴክኒክ ትምህርቱን ጨርሶ ወደብ ላይ የመርከብ ሞተር ጥገና ሥራ አግኝቷል። ሰኞ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ከመሄዱ በፊት መኪናዋን ደህና አድርጎ ለእናቱ ማስረከብ ፈለገ።

አባት በሩ ላይ ቆሞ አዲሶቹን ዕቃዎች አየ። ገበሬ ነው፤ ቃል እንደ ዘር ቆጥቦ ነው የሚጥለው።

«ኦርጅናል ነው?»

«አይደለም አባዬ። ኦርጅናሉ አይቀመስም። ይሄም ግን ጥሩ ነው።»

«ፎርጅድ በለኛ።»

ልጁ ገጠመ፣ አሰረ፣ እጁን ታጠበ።

በማግስቱ ጠዋት እናት ነጠላዋን አስተካክላ ከሚነዳው ልጇ አጠገብ ተሳፈረች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ቋ! አለ። ሁለተኛው ላይ ቋ ቋ!

«እንዴ! ምን እየመታን ነው?» አለች እናት ወንበሩን ጨምድዳ።

ተመለሱ። ልጁ መኪናዋን በክሪክ አነሳ። ጎማውን ወዘወዘ፤ የሾኩን የላይኛውን ማሰሪያ ነካካ፤ በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉትን የጎማ ቦኮላዎች በብረት እየፈነቀለ አየ። የተማረ ሰው ሲሳሳት መጽሐፍ ጠቅሶ ነው። «አንዳንዱ ቡሎን መኪና ተንጠልጥሎ አይጠብቅም፤ መሬት ረግጦ ነው» ብሎ ሁሉንም ፈትቶ መሬት ላይ እንደገና አሰረ። በመጨረሻ ከታች፣ በቀኝ በኩል፣ ሾኩን የሚይዘው ዳዶ ላልቶ አገኘው።

«ረስተኸው ነው» አለ አባት።

«አልረሳሁም። አጥብቄው ነበር።»

«እንግዲያው ራሱ ተፈትቶ ሊሸኝህ ወጥቷል።»

ልጁ አጠበቀው። ማታ በግቢው ዞር ዞር አድርጎ ሞከራት፤ ዝም አለች። ጠዋት እናት ስትሳፈር ግን ቋ! ያው ዳዶ ነው። አዲስ ዳዶ ገዝቶ አሰረ። ጠዋት ቋ!

«ማታ እኮ ዝም ብላ ነበር!»

«ማታ ዶሮም ዝም ይላል» አለ አባት።

አባት ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሳው። ልጁ ዓይኑን እያሸ ሲወጣ እሱ ከብቶቹን አይቶ ተመልሷል። እናት የባሏን ጀርባ አቧራ በመዳፏ እያራገፈች፣ «አንተ ሰው፣ ላሚቱን ተኝተህ ነው እንዴ የምታልባት?» አለችው።

«አርፈሽ ግቢ» አላት። «ይልቅ ልጅሽን መሐንዲስ አድርጊው።»

«ልጁን አታሳንሰው።»

«ያነሰው ራሱ ነው።»

ልጁ አሰበና ጥርጣሬው መዶሻ ላይ አረፈ። መዶሻ የመንገድ ዳሩ ጋራዥ ባለቤት ነው፤ ማንኛውንም የመኪና በሽታ በመዶሻ ስለሚጀምር እንዲህ ይሉታል። ልጁ መኪናዋን ራሱ እንደሚሠራ መዶሻ ሲሰማ «ትመጣላችሁ፤ የት ትሄዳላችሁ!» ብሎ ነበር።

ልጁ አባቱን አሳፍሮ በመኪናዋ ጋራዡ ሄደ።

«ሌሊት ግቢያችን እየገባህ ዳዶ ትፈታለህ!»

መዶሻ እጁን ሆዱ ላይ ጠርጎ ሳቀ። «እኔ? እኔ የምፈታው ተከፍሎኝ ነው ወንድሜ። በነጻ ማስነጠስ እንኳ ይከብደኛል።»

ቢሆንም ከመኪናዋ ስር ገባ። ዳዶውን በጣቱ አዞረ፣ ክሩን ዳሰሰ፣ ሾኩን አንኳኳ። እያቃሰተ ወጣ።

«ክሩ ደህና ነው። ዕቃውም አይታማም። የላላው እጅህ ነው።» ወደ አባት ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄን ነው መርከብ ላይ የሚያወጡት?»

«ጋሪ የማያስር እጅ» አለ አባት። «ባሕር ላይ ዳዶ ቢላላ በእግር አይመለስም።»

መዶሻ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ልጁ መኪናዋን አስነሳ።

በዚያ ምሽት ደም ሥሩ እስኪገታተር አጠበቀው። እሑድ ጠዋት የጉዞ ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ፣ እናቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ መኪናዋን ለመጨረሻ ጊዜ ሞከራት።

ቋ!

ሞተሩን አጠፋ።

«ተወው ልጄ» አለች እናት። «መንገድህ እንዳያመልጥህ። እኔ በኳኳታ አልሞትም።»

«እማዬ፣ አንቺን ከዚህ ጉድጓድ ማሻገር ያቃተኝ ሰው፣ እዚያ የስንቱን ነፍስ ልይዝ ነው?»

እጆቹን ገልብጦ የሰው ዕቃ ይመስል አያቸው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ወደቡ ደወለ።

«ቦታውን ለሌላ ስጡት… አዎ፣ አስቤበታለሁ… አይ፣ ችግር የለም። ለሥራው አልሆንም።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሁለተኛ አልጠየቀም።

አባት አጥሩን ተደግፎ ሲሰማ ነበር። «ሥራ መች ጠፋ» አለ። «ነገ አጥሩን ትይዛለህ። እሱን እንኳ ከቻልክ።»

ልጁ ሻንጣውን ወደ ውስጥ መለሰ። ልብሶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ሣጥን ውስጥ ከተተና በጠራራ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እናት ራስጌው ተቀምጣ ፀጉሩን ዳበሰችው።

አባት በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናዋ ስር ገባ፤ ማለዳ ያላላውን ዳዶም አጠበቀው።