የመጨረሻው ናሙና

ይኸው ለሰባተኛ ጊዜ ተነሳች። ስክሪኑን አየች፣ ተቀመጠች፣ መልሳ ተነሳች። መሣሪያው ከመጤፍም አልቆጠራት፤ ጨዋማውን ውሃ በጠባቡ የመስታወት አምድ ውስጥ በዝግታ ይገፋል።

"ኧረ ልጄ፣ ወንበሩም ሰለቸሽ" አሉ ጋሼ፣ የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን፣ ብልቃጥ ከሚያጥቡበት ቀና ሳይሉ።

"ዛሬ ካልተለያዩ አለቀልኝ፣ ጋሼ።"

እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት የለፋችበት ፕሮቲን ከአንድ የማይረባ ፕሮቲን አልላቀቅ ብሏታል። ሁለቱም አምዱ ውስጥ ያለው ሙጫ ላይ ይለጠፋሉ፣ ጨው ሲበረታባቸው ይለቃሉ። እሷ ደግሞ ችኩል ናት፤ ጨዉን በአርባ ደቂቃ ጣሪያ ታስነካዋለች፣ እነሱም ተያይዘው ግር ብለው ይወጣሉ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። አሁን የቀራት ናሙና ይኼ ብቻ ነው። ኃላፊዋ "ይኼም ከከሸፈ ሥራውን እንዘጋዋለን" ብለዋታል።

"ጨዉን አታጣድፊው" ያሏት ጋሼ ናቸው። ዛሬ አርባውን ደቂቃ ሁለት ሰዓት አደረገችው። ለእሷ ሁለት ሰዓት የዕድሜ ልክ እስራት ነው። ጣቷ ማፍጠኛው ላይ ስንቴ ሄዶ ተመለሰ!

አርባኛው ደቂቃ ሲቃረብ ስክሪኑ ላይ የፕሮቲኑን መውጣት የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ማለት ጀመረ። ደስ ብሏት ሳታበቃ ዓይኗ ጠብታ መቀበያው ላይ አረፈና ክው አለች። ጊዜውን ስታረዝም ብልቃጥ መጨመር ረስታለች። በየደቂቃው አንድ ብልቃጥ ይሞላል፤ የደረደረችው እንደ ወትሮው አርባ ነው፤ ባዶ የቀረው አንድ።

"ጋሼ! መሬት ሊፈስብኝ ነው! ላቁመው?"

"እንዳትነኪው! ከቆመ እዚያው ይደባለቃሉ። በእጅሽ ተቀበዪ።"

ከአምዱ የሚወጣውን ውሃ ወደ መቀበያው የምታደርሰውን ቀጭን ጎማ ነቅላ ተንበረከከች። ጋሼ የደረቁትን ብልቃጦች በየደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ያቀብሏታል። ከተንበረከከችበት ስክሪኑ አይታይም፤ ቀና ብትል እጇ ይስታል።

"ምን ይላል ጋሼ?"

"እየወጣ ነው።"

"አሁንስ?"

ጋሼ ብልቃጥ አቀበሏትና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

"ጋሼ፣ በፈጠረዎት!"

"ወረደ።"

"እስከ ታች?"

"እስከ ታች። ቆይ… ደሞ ሌላኛው ብቅ አለ። ለብቻው ነው፣ ልጄ።"

ጉልበቷ ደንዝዟል። በጎማዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ማበጥ ጀመረች። አላራገፈቻትም። በራሷ ጊዜ እስክትወድቅ ጠበቀቻት።