የቡፌ ፊደላት

አስተናጋጁ «ቡፌ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ሲጽፍ እርሳሱ ተሰበረበት።

«አሁንስ አንገሸገሸኝ!» ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «እንግሊዞቹ ከፈረንሳይ የተዋሱትን ቃል እንደ ሰው ቢጽፉት ምን ነበረበት?»

«አባዬ፣ አትናደድ» አለችው ልጁ፣ እርሳሱን እየቀረጸችለት። ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ በእንግሊዝኛማ የሚደርስባት የለም። «መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ትርፍ ናት። ሰርዛት።»

ታናሽ ወንድሟ ከመኝታ ቤቱ በር አጮልቆ አያቸውና ተመለሰ።

ሆቴሉ በወደቡ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። እዚያ የምግቡን ዝርዝር በየጠዋቱ በእንግሊዝኛ በእጁ የሚጽፈው ዋና አስተናጋጁ ስለሚሆን፣ ሥራ አስኪያጁ ለዋና አስተናጋጅነቱ ቦታ የቃል ጽሕፈት ፈተና አዘጋጅተዋል። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሳህን ሲያመላልስ ኖሯል፤ ይኼ ካመለጠው ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ያውቃል። ካለፈ ብቻውን ይሄዳል። ልጆቹ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ከእሱ ተለይተው አያውቁም፤ ግን ለጊዜው አክስታቸው ጋ ይቆያሉ።

«ሬስቶራንት» አለች ልጅቷ።

ጻፈ። ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው።

«ተሳስተሃል።»

«ይኼንንም? የሆቴሉ በር ላይ በየቀኑ የማየው ነው እኮ!»

«እሱን የጻፈው ቀለም ቀቢ አይደል? ምን ያውቃል ብለህ ነው!»

ሰረዘው። በንዴት ጆሮው ጋለ። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ እንግዳ ያዘዘውን ሳይጽፍ የሚያስታውስ ሰው፣ ፊደል ላይ ሲደርስ ጭንቅላቱ ወንፊት ይሆንበታል። ራሱን ሊጠላ ምንም አልቀረው።

የፈተናው ቀን ላብ አጠመቀው። የያዘውን ሁሉ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተዬ፣ ምን ነካህ?»

ቦታው ለባርማኑ ተሰጠ። ባልደረቦቹ «አይዞህ» ሲሉት ይባስ ተናደደ፤ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ልጁ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ወደቅኩ» አላት።

አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ተንሰቀሰቀች።

«ተይ እንጂ! አንቺ ምን አጠፋሽ? ደደብ አባት ሰጥቶሽ ነው» አላት። ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ፣ ለወንድሟ በሹክሹክታ ስትነግረው ሰማት።

«በቃ አታልቅስ፤ አባዬ የትም አይሄድም። ሁሉንም አሳስቼ ነው ያስጠናሁት።»