የገብረ ሊባኖስ ቀኝ እጅ እና የወረቀቱ መርከብ

«ሰርኬ... ማነው የጠቆመብኝ?»

ገብረ ሊባኖስ ጠዋት ጠዋት ሚስቱን ሰርክአዲስን የሚጠይቃት ይሄንን ነው።

እሷም እስከ ዛሬ መልስ ሰጥታው አታውቅም...

ነገሩ የሆነው እዚሁ ላሊበላ ነው።

ገብረ ሊባኖስ ብራና ጸሐፊ ነው። በቀኝ እጁ ዳዊት ጽፎ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር።

የዛን ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አምስት ታጣቂዎች በሩን በርግደው ገቡ። ሰርክአዲስ የማን ወገን እንደሆኑ እንኳ አልለየችም።

አንዱ አልጋውን ገለበጠ... ፍራሹ ሥር የታጠፈ ወፍራም ወረቀት አገኘ።

ወረቀቱ ላይ መድፍ ተስሏል... ክብ ክብ ብረት... በየቁራጩ ላይ ቁጥር። ጽሑፉ ማንም የማያውቀው የፈረንጅ ቋንቋ።

«ይሄ የምን ፕላን ነው?» አለ አለቃቸው።

«መጫወቻ ነው ጌታዬ! ተቆርጦ ሲጣበቅ መርከብ ይሆናል... ብረት የለበሰ የድሮ የጦር መርከብ። ቱሪስት ነው የሰጠኝ።»

«መርከብ? ላስታ ላይ?» ተሳሳቁ። «ምን ልትሻገርበት ነው? ተከዜን?»

«ያውም ከነመድፉ!» አለ ሌላው።

ሳቁ ሳያልቅ የጠመንጃ ሰደፍ ገብረ ሊባኖስ አፍ ላይ አረፈ... ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ።

ቀኝ እጁን መሬት ላይ ዘረጉት። በሰደፍ አንዴ... ሁለቴ... ሦስቴ...

ጣቶቹ እንደ ጭራሮ ሲሰበሩ ሰርክአዲስ በጆሮዋ ሰማች።

የአምስት ዓመቷ ልጃቸው ሣራ እናቷ ጉያ ውስጥ እንዳለች ሸናች።

«መርከብ ነው ካልክ ሠርተህ አሳየን» አለ አለቃው። «ካልሆነ እዚሁ ግቢህ ውስጥ ትቀበራለህ።»

«በየትኛው እጄ?» አለ ገብረ ሊባኖስ...

ሰርክአዲስ ተንበረከከች። «እኔ ልሥራው ጌታዬ።»

«አንቺ ደሞ ማንበብ ትችያለሽ?»

«ቁጥር አውቃለሁ።»

ከባሏ የብራና ዕቃ ውስጥ ምላጭ አነሳች። ምላጩን ስታነሳ አፈሙዙ ወደ ሣራ ዞረ...

ዱቄት በውሃ በጠበጠችና ሙጫ አደረገችው። አንድን ከአንድ... ሁለትን ከሁለት... ምላጩ አውራ ጣቷን በላው።

ባሏ «ውሃ... ውሃ...» ይላል። ውሃውን ብትሰጠው አንዱ ታጣቂ ነጥቆ ጠጣው።

መሀል ላይ ሃያ ሰባት ቁጥር ጠፋች።

«ሃያ ሰባት... ኧረ በማርያም ሃያ ሰባት የት ገባች!»

አንዱ ታጣቂ እግሩን አነሳና «ይቺውና... ጫማዬ ላይ ተጣብቃ» ብሎ አቀበላት። አለቃው ገላመጠው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርከቡ ቆመ። ጭስ ማውጫው... መድፉ... ጎኑ ላይ የገብረ ሊባኖስ ደም።

አለቃው አንስቶ ዙሪያውን አየው።

«እውነትም መርከብ ነው» አለ።

ይቅርታ አላለም። መሬት ጥሎ በጫማው ጨፈለቀው... ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ «ባሏን ከሞት ያወጣች ሴት» ይላታል። እሱም «ሰርኬ ባትኖር አፈር ነበርኩ» እያለ ያለቅሳል። ጣቶቹ ግን ቆልመም ብለው ቀሩ... ብዕር አይጨብጡም።

እና ጉዱ እዚህ ላይ ነው...

ጠቋሚዋ ራሷ ሰርክአዲስ ናት።

ታጣቂዎቹ ከመምጣታቸው ሦስት ቀን በፊት፣ ቤት ስትጠርግ ወረቀቱን አገኘችው። መድፉን ስታይ ቶሎ መልሳ አጠፈችው። «ይሄ ሰው ምን ውስጥ ገባብኝ?»

እሱን መጠየቅ ፈራች። ወረቀቱን ነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ጎረቤቷ ሰብሌ ጋ ሄደች።

«እስቲ እይልኝ እህቴ... ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔም እንጃ... ወንድሜ ይወቅልን» ብላ ሰብሌ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ሰርክአዲስ ወረቀቱን ቦታው መለሰችው፤ ፎቶው ግን ከስልክ ስልክ ዞሮ ታጣቂዎቹ እጅ ገባ...

ገብረ ሊባኖስ ወረቀቱን የደበቀው ለምን ነበር መሰላችሁ? ለሣራ ሊሠራላት ፈልጎ... «ዳዊት ጸሐፊው በወረቀት ይጫወታል» እንዳይሉት አፍሮ!

አንድ ጊዜ ብትጠይቀው በሳቅ ያልቅ ነበር።

አሁን ገብረ ሊባኖስ የጠረጠረው አረጋን ነው... ከልጅነቱ አብሮት የተማረ ጓደኛውን። ቱሪስቱ ወረቀቱን ሲሰጠው አጠገቡ የነበረው አረጋ ብቻ ነበርና።

«እሱ ነው የሸጠኝ» ይላል። የወንድሙን ጠመንጃ ተውሶ በግራ እጁ ማነጣጠር እየተለማመደ ነው...

አረጋ ኮን ከተማ ሄዷል። ቅዳሜ ይመለሳል።

ሰርክአዲስ ለንስሐ አባቷ ተናግራለች። «ልጄ፣ ይሄን ከአንቺ አፍ ነው መስማት ያለበት» አሏት።

ዝም ካለች ንጹሕ ሰው ይሞታል። ከተናገረች ደግሞ ጠመንጃው ወደ እሷ ቢዞርስ? ሣራን ማን ያሳድጋታል?

ወገኖቼ... ቤታችሁ ውስጥ የሚያስፈራችሁን ነገር ካያችሁ መጀመሪያ የቤታችሁን ሰው ጠይቁ። ጎረቤት ደጅ የወጣ ጥርጣሬ ሲመለስ ጠመንጃ ይዞ ነው የሚመለሰው።

እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትንገረው? በምን ቃል ትጀምርለት?

እባካችሁ ምከሯት... አጭር አድርጋችሁ ጻፉ፣ ፊደል የምታነበው ቀስ ብላ ነው...

ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው።