ሦስት ፓስፖርት በአንድ አንገት

ሰውየውን ያስያዘችው አሰበች ናት።

ሌላ ማንም አላየውም። ከምግብ ቤቷ ጓሮ፣ ከሰሊጥ ጆንያው ኋላ ገብቶ ሲቀመጥ ያየችው እሷ ብቻ ናት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለመናት። ወደ ወጧ ተመለሰች።

ጧት ነው ከሱዳን ወደዚህች የድንበር ከተማ የተሻገሩት፣ እሱና ሌሎች ሁለት፣ ሦስት ሆነው። አንድ ዓይነት ሸሚዝ፣ አንድ ዓይነት ጫማ። ሰፈሩ ሁሉ ቻይኖቹ አላቸው፣ እሷም አለች። የሦስቱም ፓስፖርት ትልቅየው አንገት ላይ በተንጠለጠለች ቦርሳ ውስጥ ነው። ይችን ነገር አሰበች ታውቃታለች። አሥር ዓመት ሙሉ እርሻ ላይ ለሠራተኛ አብስላለች፤ ካቦ የሁሉንም መታወቂያ ሰብስቦ ይይዛል፣ በአረም ሰዓት እንዳይጠፉበት። አንዱ ከጠፋ የሱን ፈንታ የሚያርሙት ጓደኞቹ ናቸው። ጥሎ የሚጠፋ ሰው ትጠላለች።

ስለዚህ ትልቅየው መጥቶ በዓረብኛ «ወይኑ?» ሲላት፣ የት ገባ ሲላት፣ በአገጯ ጓሮውን አሳየችው።

አልጮኸም፣ አልታገለም። በሁለቱ መሃል ሆኖ ወጣ። ሲያልፍ አላያትም።

ጀይሉ ጥግ ላይ ፉል ይበላል። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ሱቅ የነበረው ነጋዴ ነው፤ የሱዳኑ ጦርነት ባዶ እጁን ነው የመለሰው።

«አሴ፣ ምን ሠራሽ?»

«ካቦው ሠራተኛ ጠፍቶበት ነዋ።»

«የምን ካቦ? ሐኪም እኮ ነው። ልጄን ያከመልኝ እሱ ነው።»

«ቻይናው?»

«ሰሜን ኮሪያ። መንግሥታቸው ነው የሚልካቸው። ያ ባለቦርሳው ጠባቂያቸው ነው፤ አሁን ወደ አገራቸው እየመለሳቸው ነው። ሐኪሙ ሱቄ ሳሙና ሊገዛ እንኳ ብቻውን መጥቶ አያውቅም።»

«ታዲያ አገሩ ቢገባ ምን ይሆናል?»

ጀይሉ ዳቦውን አስቀመጠ።

«ከሱ በፊት የነበረው ሐኪም እንዲሁ ሊጠፋ ሲል ያዙት። ወስደው አሳፈሩት። ከዚያ ወዲያ ስልክ የለ፣ ደብዳቤ የለ። አገሩ ያለች ሚስቱም አብራ ነው የጠፋችው፣ ከቤቷ። ይሄኛው የልጄን ደረት እያዳመጠ ነው የነገረኝ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጠባቂው እንዳይሰማ።»

«ቀድመህ አትነግረኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ውጭ ሦስቱ የተሳፈሩበት የጎንደሩ አውቶቡስ ክላክስ አደረገ። ረዳቱ የመጨረሻዎቹን ሻንጣዎች ጣራ ላይ እያሰረ ነው።

አሰበች ሽርጧን ፈታች።

«ወጡን ከእሳት አውርድልኝ» አለችው።

«የት ልትሄጅ?»

አስፋልቱን ተሻግራ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። ሐኪሙን የኋላ ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ወሽቀውታል። ዓይኑን ጨፍኗል። ጠባቂው አጠገቡ ነው፣ ክንዱን ይዞታል።

«ወዲያ በል» አለችው ጠባቂውን። ሳይገባው ቀና ብሎ አያት። በትከሻዋ ገፋ አደረገችውና፣ እጁን ከሐኪሙ ክንድ አላቅቃ፣ በሱና በሐኪሙ መሃል ተቀመጠች።