የድንቄ አባት

«ሮሐ፣ ዓምሃ፣ ብርሃኔ» አሉ አቶ ስብሐት፣ ስም በጠሩ ቁጥር አንድ ጣት እያጠፉ። «በአባት በኩል ደኅና ሄድን፤ ዝምድና የለም። አሁን ደግሞ በብርሃኔ እናት በኩል እንቁጠር።»

አቶ ዓምሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌዎቹ ሮሐን ለቶማስ ለመጠየቅ አዲሱ ገበያ ድረስ ሲመጡ ይህ ጥያቄ እንደማይቀር ያውቁ ነበር። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ማን ልጁን ይድራል? መልሱንም ልክ አባታቸው ብርሃኔ እንዳስጠኗቸው ይዘውታል።

«ወይዘሮ አልታየወርቅ» አሉ። «የፊታውራሪ ገብረየስ ልጅ። ቡልጋዎች ናቸው።»

«እሰይ! ይሄ ነው አጥንት!» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ አቶ ቤዛብሕ። «እኔስ፣ ልጅቷ ጠቆር ብትልም የጨዋ ዘር መሆኗ መች ጠፋኝ!»

አቶ ዓምሃ ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ፈገግ ብሎ ማሳለፍ ከለመዱ ቆይተዋል።

አቶ ስብሐት ግን ጣታቸውን እንዳጠፉ ቀሩ። «ፊታውራሪ ገብረየስ ዳምጠው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ወይ ጉድ! የቶማስ እናት ቅድመ አያት እኮ ናቸው! ለካ ዘመዳሞች ነን!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን ዕድሜ አልነበረውም። «እንግዲህ… ሰባት ቤት አልሞላም ማለት ነው። ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው። በቃ፣ ጋብቻው አይሆንም።»

አቶ ዓምሃ ክው አሉ። ቶማስ ጎጃሜ ነው ሲባል የእናቱን ወገን መች ጠየቁ! ሮሐ የለስላሳ ትሪ ይዛ የጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«አባዬ» አለች።

አቶ ዓምሃ ፊቷን አዩት። ያን ሰፊ ግንባር፣ ያን ድፍን ጥቁረት ማን እንደሰጣት በዚህ ቤት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዝም ቢሉ ስማቸው ይተርፋል፤ ልጃቸው ግን የምትወደውን ታጣለች።

«አልታየወርቅ የምትባል ሴት የለችም» አሉ።

አቶ ቤዛብሕ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አባቴ ናቸው የፈጠሯት። አንድ የታወቀ ቤት ፈልገው ስም ተዋሱ። የአባቴ እናት ድንቄ ናት። በልጅነቷ ከቤንሻንጉል ተነጥቃ ተሸጠች። ባሪያ ነበረች። አያቴ ደግሞ ጌታዋ ነበሩ። በገዛ ልጇ ቤት ሞግዚት ተብላ ኖረች። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አያቴ ብዬ መጥራት ግን ክልክል ነበር።»

አፈሩ። ማፈራቸው ደግሞ ይበልጥ አሳፈራቸው።

ሮሐ ትሪውን መሬት ላይ አኖረችና መጥታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። አቶ ቤዛብሕ ባርኔጣቸውን አነሱ። «እ… እንግዲህ እንሂድ መሰለኝ፣ ስብሐት።»

«ወዴት? ቆጠራው መች አለቀና?» አሉ አቶ ስብሐት። «ቁጭ በል።»

አቶ ቤዛብሕ እያጉረመረሙ ተቀመጡ፤ ባርኔጣው ግን ከእጃቸው አልወረደም። አቶ ስብሐት መዳፋቸውን ዘርግተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። «ሮሐ፣ ዓምሃ፣ ብርሃኔ፣ ድንቄ።» አራት ጣት ታጠፈ። ከዚያ ቀና አሉና፣ ሌላውን ሁሉ በጠየቁበት በዚያው ድምፅ፣ «የድንቄ አባት ማን ይባላሉ?» አሉ።

አቶ ዓምሃ የፊታውራሪ ገብረየስን አባት ያውቃሉ፤ አያታቸውንም፣ የአያታቸውንም አባት። እንደ ዳዊት እየደገሙ ያጠኑት በልጅነታቸው ነው፣ ያውም በድንቄ ጀርባ ላይ ሆነው። እሷ ታዝላቸው ነበር፤ እሳቸው የሰው አያት ይቆጥሩ ነበር። የአባትሽ ስም ማን ነው ብለው ግን አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም።

አቶ ስብሐት አምስተኛዋን ጣታቸውን እንዳቆሙ ይጠብቃሉ።