ሰዓት የማያውቅ እልልታ

አክስቴ ማንያህልሻል እልል ስትል የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮህ ነበር። ልብስ ስታጥብ መዝሙር፣ ሽንኩርት ስትከትፍ መዝሙር፤ የድስት ክዳን እጇ ከገባማ ከበሮ ሆነ ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን አንድ ችግር ነበረባት፤ እልልታዋ ቦታውን አይጠብቅም። መምሬ ጥበቡ ስብከት ላይ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ ድምፃቸውን በሐዘን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታችን ታመመ፣ ሞተ፣ ተቀበረ...» ሲሉ አክስቴ እልልታውን ታቀልጠዋለች። እኛ ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን በሳቅ እንፈርሳለን።

«ኧረ ቆዪ አንቺ ማንያህልሻል! ገና መች ተነሣ?» ይቆጣሉ መምሬ።

«ምን ላድርግ መምሬ? መጨረሻውን አውቀዋለሁ!»

ባለፈው እሁድ አርባዋ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ሊያስተምሩ ቆሙ።

«እህታችን ማንያህልሻል ታመመች፣ ሞተች፣ ተቀበረች...» አሉና ቆም አሉ። ሁላችንም ያንን የለመድነውን እልልታ ስንጠብቅ ቆይተን፣ እንደሌለች ትዝ ሲለን አንገታችንን ደፋን።

ድንገት እልልታ ተሰማ። ቀጭን፣ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ገና መጮህ የሚለማመድ አውራ ዶሮ የመሰለ። ማናት ይቺ ብለን ሳቅ እየተናነቀን ወደ ሴቶቹ በኩል ዞርን። ሴቶቹም «ማናት?» እየተባባሉ እርስ በርስ ይተያያሉ።

መልሰን ወደ ፊት ስንዞር፣ መምሬ መዳፋቸውን ከአፋቸው ላይ አንስተው ጢማቸውን ሲያስተካክሉ ደረስንባቸው።