የዛንዚባሩ ሕክምና

ባልና ሚስቱ በተጋቡ በአምስተኛው ዓመት ዛንዚባር ሄደው ሊዝናኑ ወሰኑ። ሐኪሙ "ሁለታችሁም ጤነኞች ናችሁ፤ ዝም ብላችሁ ዘና በሉ፣ ልጁ ይመጣል" ብሏቸው ነበር።

የባልየው እናት ወሬውን እንደሰሙ ሻንጣቸውን ከቁም ሳጥን ላይ አወረዱ።

"እኔስ ባሕር ሳላይ ልሙት?"

ባልየው ጨነቀው። እናቱ አብረው ካሉ ዘና ማለት የማይታሰብ ነው።

"እማዬ፣ ሽርሽር አይደለም" አለ። "ልጅ እንድንወልድ ለሕክምና ነው የምንሄደው።"

እናትየው ዞር ብለው ምራታቸውን ከላይ እስከ ታች ገረመሟት። ባልየው ይህን ማየት አላስቻለውም።

"እሷ ምንም የለባትም። ችግሩ ከእኔ ነው። ካልታከምክ አትወልድም ተብያለሁ።"

እናትየው ሻንጣቸውን መልሰው ሰቀሉ።

ሊበሩ ሳምንት ሲቀራቸው ሚስቱ ማርገዟን አወቀች። ደስታው ሌላውን ሁሉ አስረሳቸው፤ እየተጣደፉ እናትየው ቤት ሄደው አበሰሯቸው።

እናትየው እልል አላሉም። ምራታቸውን ሻይ እንድታፈላ ወደ ጓዳ ላኳትና የልጃቸውን እጅ ያዙ።

"አይዞህ ልጄ" አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከእኔና ከአንተ አይወጣም። እንደ ራስህ ልጅ አድርገህ ታሳድገዋለህ።"